ሁለት ጣት ከፍ ያለ ትከሻ

ስልኩ ሲጮኽ የመቁረጫው ስለት አርባ ድርብ ጨርቅ መሃል ገብቶ ነበር።

ቆራጫችን እትዬ አልጮኸችም። ቀኝ እጇ ማሽኑን እንደጨበጠ፣ ግራ እጇ ጨርቁን እንደተጫነ፣ ከስለቱ እስከ አውራ ጣቷ የአንዲት የካፖርት ቁልፍ ስፋት ብቻ ሲቀር ባለችበት ቀጥ አለች። የተንቀሳቀሰው ትከሻዋ ነው። ሁለቱም ትከሻዎቿ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በክር የሚስባቸው ይመስል፣ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዋ ወጡ። ከዚያ ማሽኑን አጠፋች፣ ስልኩን አነሳችና፣

«ወጡ?» አለች።

ይህቺ «ወጡ?» በስፌት ቤታችን ከ«እንደምን አደራችሁ» ይልቅ የምትዘወተር ቃል ነበረች። የሚወጡት አባቷ ናቸው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስተኛ ነበሩ። አሁን የልጃቸውን ስም ይረሳሉ፣ ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ እግራቸው ግን አንድም ነገር አልረሳም። ደብዳቤ ሊያድሉ በር ከፍተው ይወጣሉ። ታች ቤት ያለችው ጎረቤት የደረጃውን ኮቴ ስትሰማ ትደውላለች። ስልኩ የሚጮኸው ቢበዛ በሳምንት ሁለቴ ነው። እትዬ ግን ስልኩን የምትጠብቀው ሁልጊዜ ነው፤ ስትቆርጥም፣ ሻይ ስትጠጣም፣ ከእኛ ጋር ስትስቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ።

«እስከ በሩ ወርደው ተመልሰዋል» አለች ስልኩን እያስቀመጠች። ማሽኑን አስነሳች፤ ስለቱ ጨርቁን እንደ ቅቤ ከፈለው። የወጣው ትከሻዋ ግን አልወረደም። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ይህን አላየሁም! ዓይን እያለው የማያይ ሰው ካላችሁ እኔ ነኝ።

እዚያ ቤት ሥራዬ ቁልፍ መትከል ነው፤ ስሜም ከዚያው ወጥቶ ቁልፌ ሆኖ ቀርቷል። አሥራ አንድ ዓመት ከእሷ ጠረጴዛ ትይዩ ተቀምጫለሁ። ባሌን ካየሁበት ጊዜ ይልቅ እሷን ያየሁበት ይበልጣል፤ ባሌ ይህን ሲሰማ «ተመስገን» ይላል።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ይህን ካልያዛችሁ ቀጥሎ የመጣብን ጉድ አይገባችሁም። በቤታችን አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ልብስ የምትለካው እትዬ ላይ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ማዳም፣ የቤቱን ባለቤት ማለቴ ነው፣ እትዬን ከላይ እስከ ታች አይተው «መካከለኛ ማለት ይህቺ ናት» አሉ። በዚያው ጸደቀ። ልብሱን ትለብሳለች፣ ማዳም ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ይዞሯታል፣ እዚህ ያጠባሉ እዚያ ይለቃሉ፣ «በቃ፣ ልክ ነው» ሲሉ ፓተርኑ፣ ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ንድፍ፣ ይወጣል። ትልቁም ትንሹም ቁጥር ከእሷ ላይ ተሰልቶ ነው የሚሰፋው። ደረት በሜትር ይለካል፣ ወገብ በሜትር ይለካል። የትከሻ ቁልቁለት ግን በሜትር አይያዝም፤ በሰው ላይ፣ በዓይን ነው። አንድ ሰሞን ስትከሳ «እትዬ፣ ኧረ ብዪ፤ አንቺ ከሳሽ ማለት ከተማው በሙሉ ልብስ ጠበበው ማለት ነው» እንላት ነበር።

እንዲህ እየቀለድን ሰውነቷ በየተራ ያማት ጀመር። መጀመሪያ የሄደው ፀጉሯ ነው፤ ማበጠሪያዋ ላይ ከሚቀረው ትራስ መጠቅጠቅ ይቻል ነበር። ከዚያ ጨጓራዋ ተነሳ። ጥርሷን ስታፋጭ የምታድር ይመስል ጠዋት ጠዋት መንጋጋዋን ይዛ ትገባለች። እኛን ሦስት ቀን የሚይዘን ጉንፋን እሷ ጋ ወር ይከርማል። ደግሞ ምግብ እየቀነሰች ወገቧ ይጨምራል! ወገቡን ሜትሩ ስለነገረን ማዳም ፓተርኑን በዚያ በኩል አስተካከሉት። ሜትር የማይናገረውን ግን ማን ይናገር?

«ዕድሜ ነው» አልን። ዕድሜ ምስኪኑ፣ የማንም ጥፋት የሚለጠፍበት!

«አንቺን ግን ምን ይሰማሻል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር አንድ ቀን።

«እኔን? ምንም። ሥራ ላይ ነኝ እኮ ቁልፌ፣ መቼ ሊሰማኝ ነው?»

ከኋላችን፣ እንፋሎቱ ውስጥ፣ ጋሼ ካውያ አለ። ልብስ የሚተኩሰው እሱ ነው። ድሮ የሱ ድምፅ ነበር የቤቱ ሬዲዮ። የተጣመመ ስፌት ካገኘ ልብሱን ከፍ አድርጎ ያውለበልብና «የማን እጅ ነው ይሄ?!» ብሎ ይጮኻል፤ ያ እጅ ደግሞ ሁሌ የኛ ነው። ለራሱም ይጮኽ ነበር። ስምንት ዓመት «እንፋሎቱ መውጫ ይበጅለት፣ ጠረጴዛው ወገቤን ጨረሰው፣ አንድ ሰው ጨምሩልኝ» ሲል ኖረ። ማዳምም ስምንት ዓመት «እናየዋለን» ሲሉ ኖሩ። አንድ ቀን መጮኹን ተወ። ተገላገልን ብለን ደስ አለን! ሰው ዝም ሲል የተሻለው ይመስለን ነበር።

አምና ማዳም ሁለቱም አላማሯቸውም፤ ለሁለቱም አንድ መድኃኒት አዘዙ፤ አሥር አሥር ቀን ዕረፍት። እትዬ አሥሩን ቀን በሩን ስትጠብቅ ሰንብታ ከበፊቱ ብሶባት ተመለሰች። ካውያ አሥሩን ቀን ተኝቶ፣ ተኝቶ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ገብቶ ካውያውን ሰካ፤ ፊቱ የሄደ ዕለት እንደነበረው ነው። «ዕረፍት እንዴት ነበር?» አልነው። «አለቀ» አለን።

ሁለት መቶ አርባዎቹ ካፖርቶች የመጡት በዚህ ላይ ነው።

ያዘዘው አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ነበር፤ ለሹፌሮቹና ለቲኬት ቆራጮቹ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው ልክክ ያለ ካፖርት። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታት ሽርጥና ሰፋፊ ጋውን ስንሰፋ ነው ያለፉት፤ ጋውን ደግሞ ማንንም አያጋልጥም። እትዬ ላይ ለካን፤ የፈሰሰባት መሰለ። ማዳም ስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው «አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እንዲህ ያማረ አላየሁም» አሉ። ቆረጥን፣ ሰፋን፣ ቁልፍ ተከልኩ፣ ካውያ ተኮሰ፣ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ መኪና በራችን ላይ ቆሞ ካፖርቶቹን እንደ ድንች ያራግፍ ጀመር። የድርጅቱ ተረካቢ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ አንዱን ለብሶት ገባ።

«እዩኝ!» አለ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።

አየነው። ኮሌታው ከማጅራቱ ሸሽቷል፤ ትከሻው ጫፍ ላይ ጨርቁ ባዶውን ቆሟል፣ ሁለት ሁለት እንቁላል ያስቀምጣል።

«ሹፌሮቼ በሙሉ ‹እኔ እንጃ› የሚሉ ይመስላሉ! ተሳፋሪው ‹ሆስፒታል ትደርሳለህ?› ሲለው ሹፌሩ ትከሻው እንዲህ ቆሞ ነው የሚያየው! ሰው እየወረደ ሌላ አውቶቡስ ይይዛል!»

ልስቅ ነበር፤ የማዳምን ፊት ሳይ ሳቄን ዋጥኩት።

«ስምንት ቀን» አለ ተረካቢው ካፖርቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ እየጣለ። «ካልሆነ ሌላ ቤት አሰፋለሁ። ይህን የቆረጠ እጅ ደግሞ ሁለተኛ የኔን ጨርቅ እንዳይነካ።»

እትዬ ከመቁረጫዋ አጠገብ ቆማ ሰማችው። ሁላችንም እሷን ላለማየት ወለሉን አየን።

ሰውዬው እንደወጣ ፍለጋው ተጀመረ። ሜትሩ ረዝሞ ይሆን? በብረት ማስመሪያ አስተያየነው፤ ደህና ነው። ፓተርኑ እርጥበት አግኝቶት ይሆን? ደህና ነው። አንዷ ሰፊ «የአውቶቡስ ሹፌር ጎባጣ ይሆናል እኮ» አለች፤ ማዳም በዓይናቸው አስቀመጧት። እትዬ ካፖርቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ስፌቱን በጥፍሯ ትከተላለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ስጪኝ» አለች በመጨረሻ፣ አንዱን ከእጄ ነጥቃ ለበሰችው።

ልክ ነው። የፈሰሰባት ይመስላል። አንዲት እጥፋት የለችበትም።

«ይኸው!» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ይኸው እኮ! ምን ጎደለው? ቁልፌ፣ አንቺ ልበሺው።»

ለበስኩት። መስታወቱ ውስጥ የቆመችው ሴትዮ «እኔ እንጃ» ትላለች። ከእኔ በኋላ ሦስት ሰው ለበሰው፤ ሦስቱም «እኔ እንጃ»። እንደገና እትዬ ለበሰችው፤ ልክ! ላባችን መጣ። ጥፋት ያለበት ልብስ አይተናል፤ ሰው እየመረጠ የሚያጠፋ ልብስ ግን አላየንም።

«ዞር በሉ እስቲ» አለ ካውያ።

ከእንፋሎቱ መውጣቱን ማንም አላየም። በእጁ የትከሻ ትራሱን ይዟል፤ ካፖርት ሲተኮስ ከሥሩ የሚገባ፣ ውስጡ ሰጋቱራ የተጠቀጠቀ፣ በሰው ትከሻ ቅርጽ የተሰፋ ጠንካራ ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ካፖርቱን አለበሰው። ጨርቁ ጫፉ ላይ ባዶውን ቆመ።

«ይሄ ትራስ ሃያ ዓመቱ ነው» አለ። «ስልክ አይጠብቅም።»

ከዚያ ትርፉን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ወደ ውስጥ አጥፎ በመዳፉ ደፈጠጠው። ካፖርቱ አማረ። «ሁለት መቶ አርባውንም እንዲህ አጥፌ ነው የተኮስኩት። ሲለብሱት መተርተሩ አይቀርም።»

«አይተህ ነው?» አሉ ማዳም።

«አይቼ ነው።»

«ለምን አልተናገርክም? ሰውዬ፣ ለምን አልተናገርክም?!»

ካውያ ነገሩን ከልቡ አሰበበት፤ የሚደብቀው ነገር ኖሮ አይደለም። «እንጃ ማዳም። የሷን ጋውን ቅዳሜ ቅዳሜ ስተኩስ ሁለት ዓመት አይቻለሁ፤ ትከሻው በየጊዜው ይለወጣል። አየሁት። ግን... ምንም አልመሰለኝም።»

እንዲህ ያለ የሚያስፈራ ቃል በዕድሜዬ አልሰማሁም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እና እኔ ላይ ለምን ልክ ሆነ?» አለች እትዬ።

ካውያ በአገጩ ከበሩ ኋላ ያለውን ምስማር አሳያት። የሷ ቡናማ ካፖርት እዚያ ተሰቅሏል፤ የዛሬ ሰባት ዓመት እሷው ላይ ተለክቶ የተሰፋ፣ ለብርድ ቀን ያስቀመጠችው።

«እሱን መልበስ ትቻለሁ፤ ተኮማትሮብኝ ያንቀኛል።»

«ታጥቦ ያውቃል?» አልኳት እኔ።

«አንድም ቀን» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ የቆረጠች ሴት፣ ያልታጠበ ሱፍ እንደማይኮማተር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ካፖርቷ አነቃት፤ ጨርቁን ጠረጠረች እንጂ አንገቷን አልጠረጠረችም።

አወረደችው፤ ለበሰችው። ትከሻው ከአንገቷ እስከ ክንዷ ተወጠረ፤ ኮሌታው ጆሮዋ ሥር ገባ። ካፖርቱ ያው ነው።

«ትከሻሽን አውርጂ» አሉ ማዳም ቀስ ብለው።

«አውርጄዋለሁ እኮ።»

«አውርጂው እንጂ፣ ልጄ።»

«ማዳም፣ ወርዷል እኮ ነው የምልዎት!»

አልወረደም። ሁለት ጣት ሙሉ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ እሷም አታውቀውም። ማዳም እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው ወደ ታች ገፉት። «እንጨት ነው» አሉ ወደ እኛ ዞረው፤ ዓይናቸው እንባ አቅሯል። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። የመቁረጫውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳውና ከማሽኑ ነቀሉ፣ ጠቀለሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሐኪም ሳያይሽ ይህን ማሽን አትነኪም። አንድ ቀን ስልክ ሲጮኽ ጣትሽን ከወለል ላይ አልለቅምም።»

«ማዳም፣ ይህንንም ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ፣ ካውያና እኔ አጃቢዋ ክሊኒክ ተደርድረን ተቀመጥን። ካውያን «አንተም ሂድ» ያሉት ማዳም ናቸው፤ «እሺ» አለ፣ «ወንዝ ግባ» ቢሉትም «እሺ» የሚል ነው የሚመስለው።

ዶክተሯ ልጄን የምታክል ናት። የእትዬን ክንድ አሰረች፣ ነፋች፣ አየች፤ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። የደም ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አምስት። የካውያን ለካች፤ የወጣት ግፊት!

«ምንድነው የምትሠሩት?» ብላ ጠየቀች። ሥራውንም፣ የአባባንና የስልኩንም ነገር ነገርናት። አሰበችና እንዲህ አለች፤

«እናቴ ቤት የስፌት መኪና ነበራት። ፔዳሉን ሲረግጡት ሞተሩ ይነሳል አይደል? ሰውነትም እንደዚያ ነው። አደጋ ሲመጣ ፔዳሉ ይረገጣል፤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይሮጣል፣ ስኳር ወደ ደም ይፈሳል፣ ጡንቻ ይጨበጣል። ጨጓራው፣ በሽታ መከላከሉ፣ ፀጉሩ ‹ቆዩ፣ በኋላ› ይባላሉ። ለአምስት ደቂቃ ጥሩ ነው፤ ሰው የሚተርፈው በዚያ ነው። እርስዎ ግን እግርዎን ከፔዳሉ ካላነሱ ሦስት ዓመትዎ። ጨርቅ ኖረም አልኖረም ሞተሩ ይሽከረከራል። ሞተር ሲግል ምን ይሆናል?»

«ይሸታል» አለች እትዬ በሹክሹክታ። «ከዚያ ይቃጠላል።»

«ጨጓራዎ፣ መንጋጋዎ፣ ወገብዎ፣ ይህ ትከሻ፣ እሱ ሽታው ነው። እንዲሁ ከቀጠለ የምፈራው ለልብዎ ነው።» ከዚያ ወደ ካውያ ዞረች። «እርስዎስ? ቤትዎ ውስጥ ይስቃሉ?»

«የልጅ ልጄ ታስቀኛለች። ሰኞ ጠዋት የሥራ ቦታውን በር ስገፋ ግን... እዚህ ጋ አንድ ነገር ይዘጋል።» ደረቱን ነካ። «ልብሱ ቢያምር፣ ቢያር፣ ለኔ አንድ ነው። ሠርቼም የሠራሁ አይመስለኝም።»

«የእርስዎ ደግሞ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይነሳም። የሥራ ዝለት እንለዋለን። እሷ መጨነቅ ማቆም አልቻለችም፤ እርስዎ መጨነቅ መጀመር አልቻሉም። ሰው አይቶ ሁለቱንም ‹ደክሟቸዋል› ይላል፤ መድኃኒቱ ግን አንድ አይደለም። እርስዎን መኝታ ብቻ አይመልስዎትም፤ የሚመለሱበት ሥራ ያው ከሆነ ያው ይሆናሉ። እሷን ደግሞ ዕረፍት አያሳርፋትም፤ የምትጠብቀውን ነገር አብራ ይዛ ነዋ የምታርፈው።» ከዚያ ጠየቀችው፤ «እንደዚህ ከመሆንዎ በፊት እንዴት ነበሩ?»

«እንደሷ» አለ ካውያ። «እንቅልፍ አልነበረኝም። ጨጓራም ነበረኝ። በኋላ ሁሉም ተወኝ።»

እትዬ ዞራ አየችው። እሱ የተቀመጠበትን ወንበር ሁሉ፣ ነገ የሷ ተራ የሚሆን ይመስል፣ አየችው። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ ስልክ ሲጮኽ እንኳ እንደዚያ አትፈራም።

ዶክተሯ ለእትዬ የግፊት መድኃኒት ጻፈች፤ በየሳምንቱ ትመለስ አለች። ለካውያ ከካውያው ሥር እንዲርቅ ወረቀት ሰጠችው። «ስልኩን ደግሞ» አለች በር ላይ፣ «ለሌላ ሰው ይስጡት።»

«ለማን?» አለች እትዬ።

ዶክተሯ ለዚህ የሚጻፍ ወረቀት አልነበራትም።

ከስምንቱ ቀን አንዱ እንዲህ አለቀ። በቀሩት ኮሌታ ፈታን፣ ትከሻ ፈታን፣ በትራሱ ልክ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገን ቆረጥን፣ እንደገና ሰፋን። እትዬ በእጅ መቀስ ብቻ እንድትሠራ ተፈቀደላት። ካውያ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ መተኛት ሲችል በየቀኑ ይመጣል፤ ጥግ ተቀምጦ ክር ይፈታል። ካውያውን የያዙት ማዳም ራሳቸው ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ እጅጌ አቃጠሉ፣ በሁለተኛው ቀን ወገባቸውን ይዘው «ይህ ጠረጴዛ ለድንክ ነው እንዴ የተሠራው? እንፋሎቱስ ወዴት ነው የሚወጣው?» ብለው ጮኹ። ጥግ ያለው ካውያ ከክሩ ላይ ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ ወደ ክሩ አጎነበሰ። እሳቸውም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው መተኮሳቸውን ቀጠሉ።

በአራተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«ወጡ?» አለች እትዬ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «መቼ? የመንገዱን በር አልፈው? ግማሽ ሰዓት?!»

መቀሱ ወደቀ። ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ቦርሳዋን ትፈልጋለች፤ ደም ሥሯ አንገቷ ላይ ሲመታ ከእኔ ወንበር ይታያል። መቶ ስልሳ ካፖርት ገና አልተጠገነም። ማዳም «ሂጂ፣ ሂጂ» ይላሉ፤ እኔ «ቆዪ፣ አብሬሽ» እላለሁ፤ ጫማዬን አላገኘሁትም።

«አንቺ ቁጭ በይ» አለ ካውያ። ተነስቷል። «እኔ እሄዳለሁ።»

«አንተ?!» እትዬ ሦስት ቀን የያዘችው ፈነዳ። «አንተ ምን ገዶህ! አባቴ መኪና ሥር ቢገቡ ምን ይመስልሃል አንተን?»

ካውያ አልተቆጣም። «እውነትሽን ነው፤ ምንም አይመስለኝም። ለዚህ ነው እኔ የምሄደው። እኔ ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ። አንቺ ከሄድሽ ደረጃው ላይ ትወድቂና ሁለት ሰው እንፈልጋለን።»

በሩ ተዘጋ። እትዬ ወንበሯ ላይ ቀረች። ሁለት ሰዓት! የስፌት መኪናዎቹ እንኳ በቀስታ ነበር የሚሄዱት። እሷ ስልኩን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ በባዶ እጇ ክር ትፈታለች፤ አንዱን ኮሌታ ፈትታ ጨርሳ ያንኑ መልሳ ትፈታለች። እኔ በበኩሌ አንድ ካፖርት ላይ ሰባት ቁልፍ ተክዬ ተገኘሁ፤ የሚያስፈልገው አምስት ነው።

ሲጮኽ ሁላችንም ዘለልን።

«አገኘኋቸው» አለ ካውያ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማን። «ደህና ናቸው። አንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ነን። ያገኙትን የማስታወቂያ ወረቀት ሁሉ ለየቤቱ እያደሉ ነው። ሦስት በር ይቀረናል፤ ሳልጨርስ አልመለስም ብለዋል።»

ከጎኑ የአዛውንት ድምፅ መጣ፤ «ተለማማጅ! ሥራ ላይ ወሬ የለም!»

«መሄድ አለብኝ» አለ ካውያ፤ ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ አልሳቀችም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ቆየች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ካውያ ሳይነገረው ተነሳና «ሰዓቱ ደረሰ» ብሎ ወጣ። አባባ ለተለማማጃቸው እንደነገሩት፣ በሥራ ዘመናቸው ከፖስታ ቤት የሚወጡት አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ ለካ ሦስት ዓመት ከቤት የሚወጡትም በዚያው ሰዓት ነበር፤ ከእኛ ማንም አላስተዋለውም። አብሯቸው ዞረ፤ ዞረው ሲመለሱ አባባ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ማታ ተኙ። በማግስቱም። እትዬ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው፤ መሳቢያውን ግን አልዘጋችውም።

በስምንተኛው ቀን ተረካቢው መጣ። ካፖርቱን ለበሰ፤ ወደ ግራ ዞረ፤ ወደ ቀኝ ዞረ። እትዬ መዳፏን በጋውኗ ትጠርጋለች።

«እህ!» አለ። «አሁን ሹፌሮቼ መንገዱን የሚያውቁ ይመስላሉ።» ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ጠየቀ፤ «ቆራጩን ቀየራችሁ?»

ማዳም ሊዋሹ ይችሉ ነበር። «ያችው እጅ ናት» አሉ። «የታመመው እጇ አልነበረም።»

ሰውዬው እትዬን አየ፣ ካፖርቱን አየ፣ ፈረመ።

ገመዱ ግን ከማዳም ቦርሳ አልወጣም። አንድ ወር ሙሉ አልወጣም። እትዬ በየሳምንቱ ክሊኒክ ትሄዳለች፤ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል፤ ዶክተሯ «ሦስት ዓመት የወጣ ነገር በሳምንት አይወርድም» ትላታለች። በዚህ መሃል አንድ አናጢ መጥቶ የመተኮሻውን ጠረጴዛ አንድ ስንዝር ከፍ አደረገው፤ ግድግዳውም ለእንፋሎቱ ተበሳ። ካፖርቶቹ ካለቁ ወዲህ በወረቀቱ ቤቱ የቀረው፣ አራት ሰዓት ላይ ግን ከአባባ ጋር የሚዞረው ካውያ ይህን ሁሉ በስልክ ሰማ። «እሺ» አለ። ወረቀቱ በሚያልቅበት ሰኞ ይምጣ አይምጣ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ግፊቷ መቶ ሠላሳ ስምንት በተባለ በማግስቱ፣ ማዳም ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ገመዱን ራሳቸው ግድግዳው ላይ ሰኩት። እትዬ አርባ ድርብ ዘረጋች። ተረካቢው ሌላ ስድሳ ካፖርት ጨምሮ ነበር። ስለቱ ገባ፤ የፊተኛውን ኩርባ ይዞ እየዞረ ነው፤

ስልኩ ጮኸ።

ዘጠኝ ሰው ሥራውን አቆመ። ዘጠኝ ሰው ትከሻዋን አየ። ወጣ። ዓይናችን እያየ፣ እንደ ድሮው፣ ሁለቱም ወደ ጆሮዋ ወጡ። ማዳም ወደ ገመዱ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እትዬ ማሽኑን አጠፋች፤ መሳቢያውን ሳበች፤ አነሳች።

«ወጡ» አላለችም። «አቤት» አለች፤ ሰማች፤ ግንባሯ ተጨማደደ። «ምኑን? አሁን? ቆይ... ቁልፌ፣ ያችን ለስድሳዎቹ የሰፋናትን ናሙና ካፖርት ትራሱ ላይ አልብሺያት እስቲ።»

አለበስኳት።

«እሺ፣ ለብሳለች» አለች ለስልኩ። «ግራው ተኝቷል። ኮሌታው ደህና ነው። ቀኙ ጫፉ ላይ... ትንሽ፣ የፀጉር ያህል ብድግ ይላል።»

ከስልኩ ውስጥ የወጣውን ሁላችንም ሰማነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልሰማነው የካውያ ጩኸት ነው፤

«የማን እጅ ነው ይሄ?!»

«የኔ!» አለች እትዬ፤ «የኔ ነው፣ ምን ታደርገኛለህ? ሰኞ መጥተህ ተቆጣኝ!»

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ዘጋችው። ማሽኑን ጨበጠች። መጀመሪያ ግራው ወረደ፤ ቀኙ ትንሽ አንገራግሮ ተከተለው። ማዳም ከገመዱ አጠገብ ተመለሱ፤ ስለቱም ኩርባውን ካቆመበት ቀጠለ።